መንጃ ፈቃድ ማውጣትና የመኪና መድን ወጪ (ኢትዮጵያ)

መንጃ ፈቃድ ማውጣትና የመኪና መድን ወጪ በኢትዮጵያ በየራሳቸው መንገድ የሚሄዱ፣ አደጋ በደረሰ ዕለት ግን የሚገናኙ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በሌሎች ብዙ አገሮች የመኪና መድን ዋጋ ከሚሰላባቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል የአሽከርካሪው ዕድሜና ልምድ ይገኙበታል። ስለዚህ አንድ ለማጅ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሲያልፍ የሚከፍለው ገንዘብ ወዲያው ይለወጣል። በኢትዮጵያ ዋጋው በዋናነት የሚተመነው በሰውየው ሳይሆን በተሽከርካሪው ዓይነት፣ በግምቱና በሚሰጠው አገልግሎት ነው። በመሆኑም ፈተናውን ማለፍ በዓመቱ ክፍያ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። ፈቃዱ የሚወስነው ከዚህ የበለጠ ነገር ነው፤ ይኸውም ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው ይከፍላል ወይስ ዕዳው በመኪናው ባለቤት ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ይህ መጣጥፍ የኢትዮጵያን አሠራር በአጠቃላይ፣ የአዲስ አበባውን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ደግሞ በምሳሌነት ይመለከታል።

የቃላት ፍቺ

አረቦን፦ መድን ገቢው ለዋስትናው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል።

መድን ሰጪ እና መድን ገቢ፦ መድን ሰጪ ዋስትናውን የሚሸጠው ድርጅት ሲሆን፣ መድን ገቢ ዋስትናውን የገዛው ሰው ወይም ድርጅት ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን፦ መኪናው በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ዋስትና ነው። በሕግ ግዴታ ነው።

ሙሉ ዋስትና፦ የሦስተኛ ወገንን ኃላፊነት ጨምሮ መድን በተገባለት መኪና ላይ ለሚደርስ ግጭት፣ መገልበጥ፣ ቃጠሎና ስርቆት የሚገባ ዋስትና ነው። በፈቃደኝነት የሚገዛ ሲሆን፣ በባንክ ብድር በተገዛ መኪና ላይ ግን አበዳሪው ያስገድደዋል።

ተቀናሽ (ኤክሰስ)፦ በእያንዳንዱ ጉዳት ላይ መድን ገቢው ከኪሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያው የገንዘብ መጠን ነው።

ያለካሳ ጥያቄ ቅናሽ፦ በዓመቱ ውስጥ ካሳ ላልጠየቀ መድን ገቢ በእድሳት ጊዜ ከአረቦኑ ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነው።

ታሪክ

ዘመናዊ መድን በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ መድን ሰጪዎች በወኪልነት መሥራት በጀመረበት ጊዜ እንደሆነ ይጻፋል። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ መድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሠረተ። የደርግ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. የግል መድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ ሥራቸውም በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥር ተጠቃለለ። የግል ባለሀብቶች ወደ ዘርፉ እንዲመለሱ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የመንግሥቱ ድርጅትና ከአሥር በላይ የግል ኩባንያዎች በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ይሠራሉ። የሚቆጣጠራቸውም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።

እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የመኪና መድን መግባት ለአብዛኛው ባለንብረት ግዴታ አልነበረም። በመኪና የተገጨ ሰው ካሳ ማግኘቱ ባለመኪናው አቅም ያለው መሆኑ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ሁኔታ የለወጠው የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ይህ አዋጅ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። የመንጃ ፈቃድ ሕግም በዚያው ዘመን ተሻሽሏል። በመጀመሪያ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 ወጣ፤ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተካ። በዚህ ሂደት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባለ የሚጠራው የፈቃድ ደረጃ ቀርቶ ሞተር ብስክሌት፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ጭነት፣ ፈሳሽ የመሳሰሉ ምድቦች መጡ። በንግግር ግን «ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ» የሚለው አጠራር አሁንም አልጠፋም።

የሕግ መሠረት

የግዴታ መድን

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን ያልተገባለትን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ማሽከርከር ወይም ሌላ ሰው እንዲያሽከረክረው ማድረግ አይችልም። የመድኑ ማረጋገጫ ስቲከር በመኪናው የፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ለማድረግና ቦሎ ለማውጣትም መድኑ መታደስ አለበት። ግዴታው የተጣለው በተሽከርካሪው ላይ ስለሆነ፣ የሚያሽከረክረው የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰውም ሆነ ትናንት ፈተና ያለፈ ወጣት ልዩነት አያመጣም።

የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። ጣሪያው የሚሻሻል ስለሆነ ውሉ ሲፈረም በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከመድን ሰጪው መጠየቅ ያስፈልጋል። ያልታወቀ መኪና ገጭቶት ላመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው አዋጁ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። የፈንዱ ሥራ አሁን በመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ይገኛል።

የባለቤቱ ኃላፊነት

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ጉዳቱን ያደረሰው መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ነፃ ሊወጣ ከሚችልባቸው ሁኔታዎች አንዱ መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳቱ ነው። ስለዚህ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ቁልፉን ወስዶ ሰው ቢገጭ «እኔ አልነበርኩም» የሚለው መልስ ባለቤቱን አያድነውም። ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሳ ከመድኑ ጣሪያ በላይ ከሆነም ልዩነቱን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

እውነቱን የመግለጽ ግዴታ

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ከወጣ በኋላም በሥራ ላይ ቀጥሏል። በአንቀጽ 667 መሠረት መድን ገቢው ውሉ ሲደረግ መድን ሰጪው የሚገባበትን ሥጋት ለመመዘን የሚያስችሉትን ነገሮች ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት። አውቆ መደበቅ ወይም ሐሰት መናገር ውሉን ፈራሽ ሊያደርገው እንደሚችል አንቀጽ 668 ይገልጻል። ውሉ ከተደረገ በኋላ ሥጋቱን የሚጨምር ለውጥ ሲመጣም ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ «መኪናውን የሚነዳው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአባት ስም ብቻ ሞልቶ መኪናውን ግን በየቀኑ አዲስ ፈቃድ ያወጣ ልጅ እንዲነዳው ማድረግ ኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።

በሌላ በኩል የዚሁ ሕግ አንቀጽ 663 መድን በመድን ገቢው ቸልተኝነት የደረሰን ጉዳት እንደሚሸፍን፣ ሆን ተብሎ የደረሰን ጉዳት ግን እንደማይሸፍን ይደነግጋል። አዲስ አሽከርካሪ ስለተሳሳተ ብቻ ካሳ አይከለከልም። ካሳ የሚያሳጣው በውሉ ውስጥ የተገለሉት ሁኔታዎች ናቸው፤ ከነሱም ዋነኛው ያለ ፈቃድ ማሽከርከር ነው።

በሥልጠና ጊዜ

በኢትዮጵያ የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ዕውቅና ባለው የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቋም ይመዘገባል። በዚያም የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሥልጠና ወስዶ ለፈተና ይቀርባል። ለአውቶሞቢል ምድብ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የተግባር ሥልጠናው የሚሰጠው «ለማጅ» የሚል ምልክት ባለው የተቋሙ መኪና፣ ከአሠልጣኝ ጋር ነው። መድኑን የሚገባውም የመኪናው ባለቤት የሆነው ተቋም ነው። ሠልጣኙ በስሙ መድን አይገዛም፤ ወጪው በሥልጠናው ክፍያ ውስጥ ተካቷል።

የሦስተኛ ወገን መድን መሪውን የያዘው ሰው በራሱ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት የተዘጋጀ አይደለም። ስለዚህ ሠልጣኝ ከመመዝገቡ በፊት ተቋሙ ከግዴታው መድን በተጨማሪ ለሠልጣኙና ለአሠልጣኙ የአካል አደጋ ዋስትና እንዳለው መጠየቁ ተገቢ ነው።

ትልቁ ሥጋት ያለው ከተቋሙ ውጭ በሚደረግ ልምምድ ላይ ነው። ፈተናው ሲቃረብ እሑድ ጠዋት ጭር ባለ የሰፈር መንገድ ላይ በቤተሰብ መኪና መለማመድ የተለመደ ነው። በአገሪቱ የሚሠራባቸው የሙሉ ዋስትና ውሎች ግን ተገቢ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ የደረሰን ጉዳት ያገልላሉ። አጠገቡ ልምድ ያለው አባት ወይም እኅት መቀመጣቸው መሪ የያዘውን ሰው ባለ ፈቃድ አያደርገውም። በዚያ ጠዋት አጥር ቢፈርስ ወይም እግረኛ ቢጎዳ የመኪናው ጥገና ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። መድን ሰጪው ለተጎጂው ሦስተኛ ወገን ቢከፍል እንኳ የከፈለውን ከመድን ገቢው የማስመለስ መብት በውሉ ውስጥ ሊኖረው ይችላል። የወንጀልና የትራፊክ ቅጣት ተጠያቂነቱ ደግሞ ለብቻው ነው።

ፈተናው ካለፈ በኋላ

አረቦኑ እንዴት ይተመናል

የሦስተኛ ወገን አረቦን በተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት እየተለየ የሚወሰን ስለሆነ፣ አዲስ ፈቃድ ያወጣና የቆየ አሽከርካሪ ለተመሳሳይ መኪና የሚከፍሉት ተመሳሳይ ነው። የሙሉ ዋስትና አረቦን ሲተመን በዋናነት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

የመኪናው ግምት፦ አረቦኑ በአብዛኛው የግምቱ መቶኛ ስለሆነ መኪና ሲወደድ አረቦኑም ይጨምራል።

አገልግሎቱ፦ የግል (ኮድ 2)፣ የንግድ (ኮድ 3) ወይም የታክሲ (ኮድ 1) መሆኑ። ለኪራይና ለሕዝብ ማመላለሻ የሚውል መኪና ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚውል አረቦኑ ከፍ ይላል።

የመኪናው ዕድሜና ዓይነት፦ ያረጀ መኪና ወይም መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ሞዴል ተጨማሪ ሊያስከፍል ወይም ሙሉ ዋስትና ሊያስከለክል ይችላል።

ተጨማሪ ሽፋኖች፦ ለተሳፋሪዎች የሚኖር ኃላፊነት፣ የአሽከርካሪው የአካል አደጋ፣ እንዲሁም በተለምዶ «ቢ.ኤስ.ጂ.» በሚባለው ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የወንበዴ፣ የሽፍታና የደፈጣ ተዋጊ ጥቃት ሽፋን ይገኙባቸዋል።

መኪና በዚህ ዘመን ለሚገዛ አዲስ አሽከርካሪ ከባዱ የግምቱ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። መኪናና መለዋወጫ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው ባለፈው ዓመት የተሞላው ግምት ዘንድሮ ከገበያው ዋጋ በታች ሊሆን ይችላል። አረቦን ለመቆጠብ ሲባል ግምቱን ዝቅ ማድረግም ጉዳት አለው። ለማስረዳት ያህል፣ 2,500,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,500,000 ብር ተገምቶ መድን ቢገባለት የተሸፈነው ዋጋ ስልሳ በመቶው ብቻ ነው። በዚያ መኪና ላይ የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስ በተመጣጣኝ ስሌት የሚከፈለው 240,000 ብር ይሆናል፤ ተቀናሹ ደግሞ ከዚህም ላይ ይነሣል።

የአዲስ አሽከርካሪ ተቀናሽ

የአሽከርካሪው ልምድ በአረቦኑ ላይ ባይታይም በተቀናሹ ላይ ሊታይ ይችላል። መድን ሰጪዎች ዕድሜው ለጋ ወይም ፈቃዱ አዲስ በሆነ ሰው እጅ ለደረሰ ጉዳት ከመደበኛው በላይ ተቀናሽ የሚያስቀምጥ አንቀጽ በውላቸው ሊያካትቱ ይችላሉ። ይህ በአረቦን ደረሰኝ ላይ የማይታይ፣ በጋራዥ ሒሳብ ላይ ግን የሚገለጥ ወጪ ነው። ለምሳሌ የጥገናው ወጪ 60,000 ብር፣ መደበኛው ተቀናሽ 5,000 ብር፣ የአዲስ አሽከርካሪው ጭማሪ ደግሞ ሌላ 5,000 ብር ቢሆን መድን ሰጪው የሚከፍለው 50,000 ብር ነው። አንድ መኪና ለሁለት የሚነዱ ባልና ሚስት ያጋጠማቸው ጉዳት አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቀነሰው ገንዘብ ሊለያይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ያለካሳ ጥያቄ ቅናሽ

አዲስ አሽከርካሪ በጊዜ ሂደት ወጪውን የሚቀንስበት ዋናው መንገድ ይህ ቅናሽ ነው። ቅናሹ የሚጀምረው ፈተና በታለፈበት ቀን ሳይሆን ካሳ ሳይጠየቅ አንድ የመድን ዓመት ሲያልቅ ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርሱት ጉዳቶች አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ጭረቶችና ግጭቶች ስለሆኑ፣ ካሳ መጠየቅ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይመጣል። አረቦኑ 40,000 ብር፣ የሚጠበቀው ቅናሽ ሃያ በመቶ ቢሆን ቅናሹ 8,000 ብር ነው። የጥገናው ወጪ 9,000 ብር፣ ተቀናሹ 5,000 ብር ከሆነ መድን ሰጪው የሚከፍለው 4,000 ብር ብቻ ነው። 4,000 ብር ለመቀበል 8,000 ብር ማጣት ስለሚሆን እንዲህ ያለውን ጉዳት በራስ ወጪ ማሠራት ይሻላል። ይሁን እንጂ ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት የተጎዳ ከሆነ፣ ጉዳቱ ትንሽ ቢመስልም ለትራፊክ ፖሊስና ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ያስፈልጋል። በቦታው «ተስማምተናል» ተብሎ የታለፈ የእግር ሕመም ከሳምንት በኋላ ስብራት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የፈቃዱ ምድብና የሚሰጠው አገልግሎት

ፈቃድ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ለሚነዳው መኪና የሚሆን ምድብና ያልተቃጠለ ቀን ሊኖረው ይገባል። የአውቶሞቢል ፈቃድ ያለው ሰው የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና ቢነዳ ለዚያ መኪና እንደሌለው ይቆጠራል። መኪናው በውሉ ላይ ከተጻፈው አገልግሎት ውጭ መዋሉም ተመሳሳይ መዘዝ አለው። አዲስ ፈቃድ ያወጣ ወጣት በግል አገልግሎት ስም መድን በተገባለት የቤተሰብ መኪና ሰው በክፍያ ቢያመላልስ፣ አደጋ ሲደርስ መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ የሚፈለጉት ሰነዶችም ይህን ያሳያሉ። ከነዚህም መካከል የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ሊብሬና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ይገኙበታል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከአዲስ አበባ አሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማዋ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያምና ጀሞ ከሰፈሮቹ መካከል ናቸው። በስተደቡብ ምሥራቅ የሚያዋስነው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። በዚያ የሚገኘው የቃሊቲ የፈተና ቦታ ለብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሲነሣ ስሙ አብሮ የሚነሣ ነው። በከተማዋ ፈቃድ የሚሰጠው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው።

የክፍለ ከተማው አቀማመጥ አዲስ አሽከርካሪ የሚያጋጥሙትን ሥጋቶች በአንድ ላይ ያሳያል። ቀለበት መንገዱ መሐል ላይ የተከፈለና ፍጥነት ያለበት ነው፤ ወደ እሱ መግባትና ከእሱ መውጣት በፈተና ሜዳ ላይ የማይገኝ ልምድ ይጠይቃል። የጎተራ ማሳለጫ መንገዶች የተደራረቡበት በመሆኑ መውጫውን ያለፈ አሽከርካሪ ረጅም ዙሪያ ይሄዳል፤ በድንጋጤ መስመር መቀየር ደግሞ ለጎን ግጭት ያጋልጣል። ከጀሞ ወደ ሰበታ አቅጣጫ በሚወስደው መንገድ ከባድ ጭነት መኪናዎች፣ ታክሲዎችና እግረኞች አብረው ይጓዛሉ። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ደግሞ ጠባብ የመኪና ማቆሚያ፣ የሚጫወቱ ልጆችና በየጥጉ የቆሙ መኪናዎች አሉ።

እነዚህ ሥጋቶች በመድን ዓይን አንድ ዓይነት አይደሉም። በግቢ ውስጥ የሚደርስ ጭረት ብዙውን ጊዜ ከተቀናሹ በታች ስለሆነ ከኪስ የሚከፈል ነው። በቀለበት መንገድ የሚደርስ ግጭት ሙሉ ዋስትናን ይፈልጋል። በእግረኛ ላይ የሚደርስ አደጋ ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድንን ጣሪያ የሚፈትን ነው። መኪና በቆመበት ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የሚሰረቅ ስፖኪዮ ሌላው የከተማዋ ችግር ነው። የመኪና ዕቃዎች ብቻቸውን ሲሰረቁ የሚከፈለው ውሉ ይህን ካካተተ ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

የክፍለ ከተማው ደቡባዊ ጠርዝ ከኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ጋር ስለሚዋሰን ብዙ ነዋሪዎች በየቀኑ የአስተዳደር ወሰን ያቋርጣሉ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ፌዴራላዊ ስለሆነ ሽፋኑ በወሰኑ ላይ አይቆምም። በክልል የወጣ መንጃ ፈቃድም በአዲስ አበባ ያገለግላል።

በሌሎች አገሮች

በብሪታንያ የሦስተኛ ወገን መድን እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ግዴታ ሆነ፤ የመንጃ ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 አስገዳጅ ሆነ። በዚያ አገር ለማጅ በጊዜያዊ ፈቃድ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በግል መኪና መለማመድ ይችላል፤ ለዚህም በስሙ መድን ይገዛል። ፈተናውን ሲያልፍ አረቦኑ ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ያገኛል። ለማጁ በተቆጣጣሪ ታጅቦ ይነዳ የነበረ ሲሆን፣ ካለፈ በኋላ ግን ሌሊትም ሆነ በአውራ ጎዳና ብቻውን ስለሚነዳ ሥጋቱ ይጨምራል። ከዚህም የተነሣ ፍጥነትንና ፍሬን አያያዝን የሚመዘግብ መሣሪያ በመኪናው ላይ አስገጥሞ አረቦን ማስቀነስ ተለምዷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፈተና ባለፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት የጥፋት ነጥብ የተመዘገበበት አሽከርካሪ ፈቃዱን ያጣል።

በአሜሪካ ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝበ ውሳኔ ባጸደቀችው ሕግ መሠረት አረቦን ሲተመን ቅድሚያ የሚሰጣቸው የአሽከርካሪው የጥፋት መዝገብ፣ በዓመት የሚነዳው ርቀትና የማሽከርከር ልምዱ ዘመን ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ እስከ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ድረስ ለግዛቱ ክፍያ በመፈጸም ያለ መድን ማሽከርከርን ትፈቅድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መድን ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ ለዓመታት የነዳ ሰው ወደ እነዚህ አገሮች ሲሄድ ልምዱ በመዝገባቸው ስለማይገኝ እንደ አዲስ አሽከርካሪ ሊቆጠር ይችላል። ከኢትዮጵያ መድን ሰጪው ካሳ አለመጠየቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ መሄድ በአንዳንድ ኩባንያዎች ዘንድ ይረዳል።

ልዩነቱ የመነጨው ከመረጃ ነው። አረቦንን በአሽከርካሪው ለመተመን የእያንዳንዱ ሰው የጥፋትና የካሳ መዝገብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለሁሉም መድን ሰጪዎች መታየት አለበት። በኢትዮጵያ በትራፊክ ደንብ ቁጥር 208/2003 የጥፋት ነጥብ አሠራር ተጀምሯል። አረቦኑ በተሽከርካሪው ሲተመን ግን ጠንቃቃውም ግዴለሹም ለአንድ ዓይነት መኪና በመነሻው እኩል ይከፍላሉ፤ የሚለያያቸው ከዓመት በኋላ የሚመጣው ቅናሽ ነው።

ውል ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ፈቃድ ያወጣ ሰው ወይም መኪናውን የሚሰጠው ቤተሰብ የሚከተሉትን ከመድን ሰጪው አስቀድሞ መጠየቁ ወጪንም ክርክርንም ይቀንሳል፦

ውሉ መኪናውን ማን ማን እንዲነዳ ይፈቅዳል? አዲሱ አሽከርካሪ በስም መመዝገብ አለበት?

ለአዲስ ወይም ለወጣት አሽከርካሪ የተለየ ተቀናሽ አለ? ካለ መጠኑ ስንት ነው፣ ከስንት ጊዜ በኋላስ ይነሣል?

የመኪናው ግምት የዛሬው የገበያ ዋጋ ነው?

የሦስተኛ ወገን ሽፋኑ ከሕጉ ጣሪያ በላይ ተጨማሪ ተከፍሎ ሊጨምር ይችላል?

ቅናሹ ወደ ሌላ መድን ሰጪ ሲዛወሩ ይተላለፋል?

ተጨማሪ ይዩ

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ
የሦስተኛ ወገን መድን
የኢትዮጵያ መድን ድርጅት
ንፋስ ስልክ ላፍቶ